አደጋ ሲደርስ ኦቲዝም ያለበትን ሰው ማነጋገር፦ ተረትና እውነታ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2016 በፍሎሪዳ፣ ኖርዝ ማያሚ ከተማ፣ ኦቲዝም ያለበት አንድ ወጣት ከመኖሪያው ወጥቶ መንገድ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ብርማ የጭነት መኪና መጫወቻ ይዟል። መሣሪያ የመሰለው ሰው ፖሊስ ጠራ። ተንከባካቢው ቻርልስ ኪንሲ አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ልጁ የያዘው መጫወቻ መሆኑን ለፖሊሶቹ ይጮህላቸው ነበር። ወጣቱንም እንዲተኛ ለመነው፤ እሱ ግን እንደተቀመጠ ቀረ። አንድ ፖሊስ ተኮሰ፤ ጥይቱም ኪንሲን እግሩ ላይ መታው። ፖሊሱ በኋላ እንዳስረዳው ያነጣጠረው ወጣቱ ላይ ነበር።

በጭንቅ ሰዓት አለመታዘዝ እንደ እምቢታ ወይም እንደ ዛቻ ይቆጠራል። ስህተቱ የሚመነጨው ብዙዎች እውነት አድርገው ከያዟቸው ግምቶች ነው።

ተረት፦ የማይናገር ሰው የሚባለውም አይገባውም።

እውነታ፦ መናገርና መረዳት ለየቅል ናቸው። አንድም ቃል ሳይናገር ሁሉን የሚሰማ አለ። በሥዕል ካርድ የመግባባት ዘዴ ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በአገራችንም ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ ወዲህ፣ ቤት ውስጥ ተደብቀው የኖሩ ልጆች መማርና ሐሳባቸውን መግለጽ እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። ስለዚህ በልጁ ፊት "ይሄ ምንም አይሰማም" ማለት ሐሰትም ነው፣ ያማልም።

ተረት፦ ካልመለሰ ጮክ ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ነው።

እውነታ፦ ሳይረን፣ የሚብለጨለጭ መብራትና ጫጫታ አእምሮውን ባጨናነቁበት ሰዓት "አይዞህ! ተረጋጋ! ምን ሆንክ?" የሚል የአራት ሰው ድምፅ ሲጨመር ጭራሽ ይዘጋል። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ በዝግታ፣ በአጭሩ። "ተረጋጋ" ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም፤ "ከእኔ ጋር ወደ ደጅ ውጣ" ግን ይነግረዋል። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ጥያቄው በተደጋገመ ቁጥር የጀመረውን ማሰላሰል ያቋርጥበታል።

"አሞሃል?" ሲባል "አሞሃል" ብሎ የሚመልስ ልጅም እያሾፈ አይደለም። የሰሙትን ቃል መልሶ ማስተጋባት በኦቲዝም የተለመደ ነው። የሚያመውን ቦታ በጣቱ ወይም በሥዕል ላይ እንዲያሳይ መጠየቅ ይሻላል።

ተረት፦ በደህናው ቀን የሚናገር ሰው በአደጋም ጊዜ ይናገራል።

እውነታ፦ ሲጨንቀው አንደበቱ የሚታሰር ብዙ ነው። ስልክ ወይም ወረቀትና እስክሪብቶ ቢሰጠው መጻፍ፣ ካልሆነም ራሱን በመነቅነቅ መመለስ ይችል ይሆናል። ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ውሸት ወይም ንቀት አይደለም።

ተረት፦ የሚወዛወዘውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያረጋጋዋል።

እውነታ፦ መወዛወዙ ራሱ ማረጋጊያው ነው። ድንገተኛ ንክኪ ሊያስደነግጠው፣ አንዳንዴም ሊያመው ይችላል። እሳት ወይም መኪና ካልደረሰበት በቀር፣ ከመንካት በፊት "ክንድህን ልይዝ ነው" ብሎ መንገር ያስፈልጋል። በእጁ የያዘውን ዕቃም አለመንጠቅ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች በሌሊት ልጅ ይዞ መውረድ ምን እንደሚመስል አይተዋል። ደረጃውን በሰላሙ ቀን አብሮ መለማመድ፣ ጎረቤትንና የግቢውን ጥበቃ ከልጁ ጋር ማስተዋወቅ ይጠቅማል። ቦርሳው ውስጥ የሚቀመጥ ካርድ ላይ ስሙ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ በምን እንደሚግባባ፣ ምን እንደሚያስፈራውና ምን እንደሚያረጋጋው ይጻፍ። በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ ላሉ ቤተሰቦች፣ ልጁ የሚረዳው አማርኛ ብቻ ከሆነ ያንንም በእንግሊዝኛ ማስፈር የግድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለፖሊስ 991፣ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 የሚደውል ሰው ከአድራሻው ጋር አብሮ "ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም፣ ስትቀርቡ ሳይረኑን አጥፉልን" ብሎ ቢናገር፣ ሠራተኞቹ ከመድረሳቸው በፊት ያውቃሉ።