ከሜዲኬር ቅጣት የሚከፋው የተዘጋው በር ነው

አሜሪካ ውስጥ ስለ አረጋውያን የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ፣ ስለ ሜዲኬር፣ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚፈራው ቅጣቱን ነው። የሐኪም ምርመራንና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነውን ፓርት ቢ በጊዜው ያልያዘ ሰው፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር በወርሃዊ ክፍያው ላይ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጭማሪውም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2025 መደበኛው ክፍያ 185 ዶላር ስለነበር ሦስት ዓመት የዘገየ በወር 55.50 ዶላር ተጨምሮበታል። ይሁንና ትልቁ ኪሳራ ይህ አይመስለኝም።

ሒሳብ የሚወድ ሰው ይሞግታል፦ ጤነኛ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ባልከፍል በዚያው ዋጋ 6,660 ዶላር ይተርፈኛል፣ ቅጣቱ ይህን ለመብላት ዐሥር ዓመት ይፈጅበታል። ስሌቱ ልክ ነው፤ የዘነጋው የምዝገባውን ወቅት ነው። 65 ዓመት ለሚሞላው ሰው የሚሰጠው ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ ከልደቱ ወር በፊት ሦስት፣ ወሩ ራሱ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት። ይህ ካመለጠው ምዝገባ የሚከፈተው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ሲሆን ሽፋኑ የሚጀምረው ከተመዘገበ በቀጣዩ ወር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ሳይኖረው ኤፕሪል ላይ ካንሰር የተገኘበት ሰው፣ ተመላልሶ ለሚወስደው ኬሞቴራፒ እስከ ፌብሩዋሪ ከኪሱ ይከፍላል። ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነው ፓርት ኤ እዚህ ላይ አይደርስለትም።

ቅጣት ባይኖር ሁሉም ሲታመም ብቻ ይመጣ ነበር የሚለው የመንግሥት መከራከሪያ ውኃ ያነሳል። ግን የሚመለከተው አስልቶ የቀረውን እንጂ ከመንግሥት የምዝገባ ደብዳቤ የሚጠብቀውን አይደለም። ቀድሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የጀመረ ሰው በራሱ ይመዘገባል። ከ1960 ወዲህ የተወለደ ግን ሙሉ ጡረታው 67 ላይ ስለሆነ ብዙው እስከዚያ ይቆያል፤ 65 ሲሞላው ራሱ ካላመለከተ ማንም አያስመዘግበውም። ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት እየሠሩ በድርጅቱ ኢንሹራንስ የተያዘ ሰው ያለ ቅጣት መቆየት ይችላል፤ ሥራው ሲያበቃ ስምንት ወር አለው። በኦባማኬር የሚታከም የታክሲ ወይም የኡበር ሾፌር ግን ይህ መብት የለውም። በልጆቻቸው ስም የመጡ ወላጆችም ለመመዝገብ ከግሪን ካርድ በተጨማሪ አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለባቸው፤ ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው ዐሥር ዓመት ያህል ግብር እየከፈሉ ካልሠሩ ደግሞ ፓርት ኤ በነፃ አይሰጣቸውም፤ በ2025 በወር እስከ 518 ዶላር ያስከፍል ነበር።

ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ቅጣት ፈርታችሁ አትቅሩ። ፓርት ኤ ያለውና መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው የፓርት ቢ ክፍያውን ስቴቱ ይከፍልለታል፤ ዓመቱን ሙሉ ማመልከት ይቻላል፣ የመዘግየት ቅጣቱም ይነሳለታል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለስቴቱ የሜዲኬይድ ቢሮ ነው።