የሆቴሉ ክፍል ሳይመች ሲቀር

ውድ ባለትዳሮች፣ ከምእመናን ጋር በአስጎብኚ ተመርታችሁ ወላይታ ሶዶ ገባችሁ እንበል። ነገ የአጃንቾና የሶኬ ወንዞች የሚወርዱበትን የአጆራ ፏፏቴ ታያላችሁ፤ ዛሬ ማታ ግን የክፍላችሁ ቧንቧ ውኃ የለውም። ምን ታደርጋላችሁ?

ሻንጣችሁን ሳትፈቱ ውኃውን፣ መብራቱን፣ ቁልፉንና አንሶላውን አብራችሁ ተመልከቱ። ጉድለት ካለ ወዲያውኑ ለእንግዳ ተቀባዩ ንገሩ፤ ካልተስተካከለ ክፍሉን ያስያዘላችሁ አስጎብኚ ይነጋገርላችሁ። ሌሊቱን ሲያጉረመርሙ አድሮ ጠዋት መክሰስ ማንንም አይጠቅምም።

ከሁሉ በላይ ንዴታችሁን በትዳር ጓደኛችሁ ላይ አትወጡ። «እዚህ ያመጣኸኝ አንተ ነህ» ማለት ከደረቀ ቧንቧ የበለጠ ጉዞውን ያበላሻል። ምሳሌ 15፥1 ስለ ለዘበ መልስ የሚያስተምረን ለባልና ለሚስትም ነው። አልጋ የምታነጥፈው እህት በመኪና ስትዘምሩ ሰምታችኋለች፤ ስትቆጡም ትሰማችኋለች።