የዋልተር ፊትዝ አላን የዘር ሐረግ፦ ከአፈ ታሪክ ወደ ሰነድ

መግቢያ

ዋልተር ፊትዝ አላን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ነገሥታት ዋና መጋቢ የነበረ ባላባት ነው። ዘሮቹ የሹመቱን መጠሪያ የቤተሰብ ስም አድርገው “ስቱዋርት” ተባሉ። በ1371 ከእነርሱ አንዱ፣ በእናቱ የንጉሥ ሮበርት ብሩስ የልጅ ልጅ የሆነው ሮበርት 2ኛ፣ የስኮትላንድን ዙፋን ወረሰ፤ በ1603 ደግሞ ይኸው ቤተሰብ የእንግሊዝን ዘውድ ደረበ። ይሁን እንጂ የዚህ ሥርወ መንግሥት አባት የማን ልጅ እንደሆነ ለሚነሣው ጥያቄ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው መልስ ሐሰት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሕተቱ እንዴት እንደተተከለና በምን ዓይነት ማስረጃ እንደተነቀለ ማብራራት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአፈ ታሪኩ የዘር ሐረግ

ሄክተር ቦይስ በ1527 ባሳተመውና ለንጉሥ ጄምስ 5ኛ ባበረከተው የላቲን የስኮትላንድ ታሪክ የስቱዋርቶችን ዘር ከባንኮ ይጀምራል። በትረካው መሠረት ማክቤዝ ባንኮን ያስገድለዋል፤ ልጁ ፍሊያንስ ግን አምልጦ ወደ ዌልስ ይሸሻል፤ በዚያም ከአንድ የዌልስ ልዕልት ዋልተርን ይወልዳል። ዋልተርም ወደ አባቱ አገር ተመልሶ በንጉሥ ማልኮም 3ኛ ዘንድ መጋቢ ይሆናል። ታሪኩ በሆሊንሼድ ዜና መዋዕል በኩል ወደ ሼክስፒር ተውኔት በመግባቱ የበለጠ ሥር ሰደደ።

ትረካው በዘመን ስሌት ብቻ ይወድቃል። ማልኮም 3ኛ የሞተው በ1093 ሲሆን መጋቢው ዋልተር ያረፈው በ1177 ነው። በማልኮም ዘመን ለሹመት የደረሰ ሰው እስከዚያ ድረስ ሊኖር አይችልም። ከዚህም በላይ ባንኮንም ሆነ ፍሊያንስን የሚጠቅስ አንድም የዘመኑ ሰነድ የለም። የፈጠራው ጥቅም ግን ግልጽ ነው፤ በጋብቻ ዙፋን ያገኘ የባዕድ ቤተሰብ ጥንታዊ የአገር ተወላጅ ሥር እንዲኖረው አድርጓል።

የሰነዶቹ ምስክርነት

የመጀመሪያው ፍንጭ ራሱ ስሙ ነው። “ፊትዝ” ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ያለፈ “ልጅ” ማለት የሆነ ቃል ስለሆነ፣ “ዋልተር ፊትዝ አላን” የአላን ልጅ ዋልተር ማለት ነው። በአማርኛ እንደተለመደው የሚጠራው አባት እንጂ የጎሳ ስም አይደለም። ስለዚህ ፍለጋው አላን የተባለውን ሰው ለይቶ ከማወቅ ይጀምራል። ሆኖም ስሙ በዘመኑ በብሬቶኖች ዘንድ የተለመደ ስለነበር የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ልዩነት የሚያመጣው የገዳማት መዝገብ ነው። ዋልተር በ1163 አካባቢ ለፔዝሊ ገዳም መሠረት ሲጥል መነኮሳቱን ያስመጣው በእንግሊዝ ምዕራብ ሽሮፕሺር ከሚገኘው የዌንሎክ ገዳም ነው። አዲሱ ገዳም ከተሰየመላቸው ቅዱሳን አንዷም የዌንሎክ ቅድስት ሚልቡርጋ ናት። በዚያው አውራጃ የኦስዌስትሪ ጌታ የነበረው በንጉሥ ሄንሪ 1ኛ ዘመን የገነነው አላን፣ የፍላድ ልጅ፣ ነው። የዚህ አላን ልጅ ዊልያም በ1138 ለእቴጌ ማቲልዳ ወግኖ ሽሩስቤሪን ሲይዝ፣ ዋልተር በሰሜን በማቲልዳ አጎት በዳዊት 1ኛ ዘንድ አደገ። የዊልያም ዘሮች በኋላ የአረንደል መሳፍንት ሆኑ። በ1330ዎቹ የአረንደሉ ሪቻርድ ፊትዝ አላን የስኮትላንድ መጋቢነት በውርስ የእርሱ እንደሆነ ተናግሮ መብቱን ለኤድዋርድ 3ኛ ሸጧል። የዋልተር ቀጥተኛ ወራሾች በሕይወት ስለነበሩ የይገባኛል ጥያቄው በሕግ ደካማ ነበር፤ ዝምድናው ግን ከቤተሰቡ ትዝታ እንዳልጠፋ ያሳያል።

ሐረጉ ከአላን አልፎ ወደ ብሪታኒ ይወስዳል። አላን በኖርፎክ የሚገኘውን የስፖርል ቤተ ክርስቲያን የሰጠው በፈረንሳይ ሶሚር ለሚገኘው ለቅዱስ ፍሎራን ገዳም ነው። አባቱ ፍላድም ለዚሁ ገዳም ተገዥ የነበረው የመንመዝ ገዳም ቤተ ክርስቲያን በ1101 ወይም በ1102 ሲቀደስ ከተገኙት አንዱ ነበር። የፍላድ ወንድም አላን በብሪታኒ የዶል ሊቀ ጳጳስ መጋቢ ሲሆን በመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት ዘምቷል። እንግዲህ ቤተሰቡ ስኮትላንድ ከመድረሱ በፊትም የመጋቢነት ሹመት ያውቅ ነበር።

የምርምሩ ጉዞ

ጆርጅ ቻልመርስ በ1807 ዋልተር የሽሮፕሺሩ አላን ልጅ መሆኑን አመለከተ። ኢይተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አፈ ታሪኩን ከሰነዱ ለማስታረቅ ፍሊያንስና ፍላድ አንድ ሰው ናቸው የሚል ግምት አቀረበ። ሆራስ ራውንድ ግን በ1901 የብሪታኒን ሰነዶች ከእንግሊዞቹ ጋር አገናዝቦ እርቁን አፈረሰ፤ ፍላድ በዶል አባትና ወንድም ያለው ሰው ከሆነ፣ ከስኮትላንድ የሸሸ ወላጅ አልባ ልጅ ሊሆን አይችልም።

ማጠቃለያ

የዋልተር ጉዳይ ለትውልድ ሐረግ ጥናት ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ከሰውየው ዘመን የቀረበ የስጦታ ሰነድ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ከተጻፈ ትረካ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ የስም መመሳሰል ዋጋ የሚኖረው ርስት፣ ገዳምና ሹመት አብረው ሲመሰክሩለት ነው። ሦስተኛ፣ ሐሰተኛ ሐረግም ቢሆን ተጥሎ አይቀርም፤ ስለ 12ኛው ክፍለ ዘመን ባይናገርም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ምን ዓይነት አባት ይፈልጉ እንደነበር በትክክል ይመሰክራል።