ጥፍራችሁን አትደብቁ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጥፍር ነው። «ስለ ጥፍር ደግሞ ምን የሚወራ አለ?» ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ! ጥፍሩ የተበላሸበት ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ወይም በጋቢው ይሸፍናል። ከሰው ጋር ገበታ ለመቅረብ ያፍራል። አንዲት እናት «በዚህ እጅሽ ሊጥ አታቡኪ» ስትባል ምን እንደሚሰማት እናንተው አስቡት። ይህ ሁሉ የሚመጣው ካለማወቅ ነው። ስለዚህ እንወቅ።

ጥፍርን ከሚያበላሹ በሽታዎች አንዱ ሶሪያሲስ ይባላል። ስሙ ለአፍ አዲስ ነው። ቀስ ብለን እናንብበው፤ ሶ - ሪ - ያ - ሲስ።

ሶሪያሲስ ምንድን ነው?

ሰውነታችን ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል አለው። እንደ ዘብ ቁጠሩት። ይህ ዘብ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል። ጠላት ሳይመጣ የገዛ ቆዳችንን ያውካል። ያን ጊዜ ቆዳ ከልክ በላይ ይቸኩላል። ጤነኛ ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ያለበት ቆዳ ግን በጥቂት ቀናት ይታደሳል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርሳል። ስለዚህ ይደራረብና ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ በብዛት የሚታየው በክርን፣ በጉልበትና በራስ ቆዳ ላይ ነው።

ጥፍር የሚበቅለውም ከቆዳ ነው። ስለዚህ በሽታው ጥፍርንም ይነካል። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ጥፍራቸው ይታመማል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ቆዳው ደኅና ሆኖ ጥፍሩ ብቻ ይታመማል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

1. በጥፍሩ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ይመስላል።
2. ከጥፍሩ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ወረቀት ላይ የፈሰሰ ዘይት ይመስላል።
3. ጥፍሩ ከጫፉ በኩል ከሥጋው ይላቀቃል።
4. ጥፍሩ ይወፍራል። ከሥሩም እንደ ኖራ የሚፈረፈር ነገር ይከማቻል።

ይተላለፋል ወይ?

አይተላለፍም። ሶሪያሲስ በመጨባበጥ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በሊጥም አይተላለፍም። እርግማን አይደለም። የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ በዘር ሊመጣ ይችላል። ይሁን እንጂ ወላጅ ስላለበት ልጅ ሁሉ ይይዘዋል ማለት አይደለም። በግንቦት ወር 2006 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ሶሪያሲስ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። በዚያ ውሳኔ ላይ በሽታው የማይተላለፍ መሆኑ ተጽፏል። እንግዲህ «አትቅረበኝ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት።

ወደ ማን እንሂድ?

የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ሶሪያሲስ አይደለም። ፈንገስ የሚባል ተዋሲም ጥፍርን ያወፍራል፤ ቢጫም ያደርጋል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። አንዳንዴም ሁለቱ በአንድ ጥፍር ላይ ይገኛሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፈንገስ መድኃኒት ሶሪያሲስን አያድንም። ሰውየው ሳይመረመር ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ለወራት ይቀባል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ጥፍሩ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ጥፍሬ ይመርመርልኝ» በሉት። ከጥፍሩ ጥቂት ተፍቆ በላቦራቶሪ ይታያል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ይታዘዛል።

ጤና ጣቢያው ወደ ቆዳ ሐኪም ቢልካችሁ አትፍሩ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር። ዛሬ ግን ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎችን ያክማል። ወደዚያ የሄደ ሁሉ ሥጋ ደዌ አለበት ማለት አይደለም። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።

ሕክምናው

ሶሪያሲስን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ነገር ግን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ። ጥቂት ጥፍር ብቻ ከታመመ ሐኪሙ ቅባት ያዛል። ቅባቱ ስቴሮይድ ወይም ካልሲፖትሪዮል የሚባል ሊሆን ይችላል። የሚቀባው በጥፍሩ መነሻና በዙሪያው ነው። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ቆዳን ያሳሳል። አንዳንዴ መድኃኒቱ በጥፍሩ አጠገብ በመርፌ ይሰጣል።

በሽታው ከበረታ ሜቶትሬክሴት የሚባል እንክብል ሊታዘዝ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ይህ መድኃኒት ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። አሁን ማንበብ ችላችኋል። ወረቀቱ ላይ «በቀን» ይላል ወይስ «በሳምንት»? ራሳችሁ አንብቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ሜቶትሬክሴት ፈጽሞ አትወስድም። የሚወስደውም ሰው ደሙን በየጊዜው መመርመር አለበት። ከእነዚህ ሌላ በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው።

ጣቶቻችሁ ካበጡ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያችሁ አልታዘዝ ካለ፣ ሳትዘገዩ ለሐኪም ንገሩ። ሶሪያሲስ መገጣጠሚያንም ይጎዳል። ዘግይቶ የታከመ መገጣጠሚያ እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል።

በቤት ውስጥ

ጥፍራችሁን አሳጥራችሁ ቁረጡ። ከጥፍር ሥር ያለውን ነገር በእሾህ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩ። ጥፍር በተጎዳ ቁጥር በሽታው ይብሳል። በሳሙናና በበረኪና ስታጥቡ ጓንት አድርጉ። ከታጠባችሁ በኋላ ቫዝሊን ተቀቡ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ አትሰሩበት፤ ቆዳ ያቃጥላል። ጣት የሚጨቁን ጫማም አታድርጉ።

ከሁሉ በላይ ታገሡ። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ተለውጦ እስኪያልቅ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። የእግር ጥፍር ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ዛሬ የተዘራ ጤፍ ነገ አይታጨድም። መስከረም ላይ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሙሉ ውጤቱን የሚያየው መጋቢት ላይ ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ያን ጊዜ ደኅናው ጥፍር ገና ከመነሻው ብቅ ማለቱ ነው።

ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ያዙ። በየወሩ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስምና የጥፍሩን ሁኔታ ጻፉ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

እስቲ እነዚህን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ።

1. ሶሪያሲስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?
2. ጥፍር ከመታከሙ በፊት ለምን ይመረመራል?
3. የእጅ ጥፍር ተለውጦ ለማለቅ ስንት ወር ይፈጃል?

መልሱን ለጎረቤታችሁም አንብቡለት። ደኅና ሰንብቱ!