ዝናብ ያደመቃቸው፣ ዝናብ የሚፈትናቸው የኤምሬትስ ጥንታዊ ስፍራዎች

በኤፕሪል 2024 በዱባይ፣ በሻርጃ ወይም በአጅማን የነበረ ሰው ያንን ዝናብ አይረሳውም። ጎዳናዎች ወንዝ መሰሉ፤ በረራዎች ተስተጓጎሉ። የሀገሪቱ የሜትሮሎጂ ማዕከል ዝናቡ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው መሆኑን አስታውቋል።

ዝናብ ግን ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። በሻርጃ ፋያ ተራራ የተገኙና ጥናታቸው በ2011 ይፋ የሆነ የድንጋይ መሣሪያዎች 125 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ መሣሪያዎች ጋር እንደሚመሳሰሉ ገልጸዋል። ያኔ አሁን በረሃ የሆነው ስፍራ ሳርና ውሃ ነበረው። ዩኔስኮ ፋያን በጁላይ 2025 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ከአል አይን ቀጥሎ የሀገሪቱ ሁለተኛው ነው።

በዱባይ በረሃ በ2002 የተገኘው ሳሩቅ አል ሐዲድም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። በብረት ዘመን መዳብ ይቀልጥበት ነበር። ለማቅለጥ ብዙ ማገዶ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ግን ዙሪያው አሸዋ ነው። የኤክስፖ 2020 ዓርማ መነሻ የሆነው የወርቅ ቀለበት የተገኘው እዚያ ነው።

ስጋቱ ምንድን ነው?

አሸዋ ቅርስን ደብቆ ያቆያል፤ ድንገተኛ ጎርፍ ግን አፈሩን ይጠርገዋል። በሻርጃ ምሌሓ እንዳሉት ያሉ የጭቃ ጡብ ግንቦች ውሃ ሲጠጡ ይፈርሳሉ።

በባሕሩ ዳርቻ ደግሞ ጠላቱ ጨው ነው። የዱባይ አል ፋሂዲ ሰፈርና የሻርጃ አሮጌ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ተሠርተዋል። እርጥበት ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ሲተን ጨዉ ይቀራል፤ እየጠጠረም ልስኑን ይሰነጥቃል። ድሮ ነዋሪው ራሱ ይጠግነው ነበር። ነፋስ ወደ ቤት የሚያወርደው ማማ በአየር ማቀዝቀዣ ሲተካ ግን የግንባታ ጥበቡም አብሮ ተዳክሟል።

በአጅማን ሙወይሃት በ1986 የተገኘው ከ4 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መቃብር ቅርሶች በከተማዋ ሙዚየም ይታያሉ። ሊጓጓዝ የሚችል ዕቃ እንዲህ ይጠለላል፤ ግንብና ተራራ ግን ካሉበት አይነሱም።

ይህን ጭንቀት ኢትዮጵያውያን ከላሊበላ ያውቁታል። እዚያም አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል በ2008 መጠለያ ተሠርቷል። መጠለያ ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ ድንጋዩን አያድንም፤ የሚያድነው በየዓመቱ የሚጠግነው ባለሙያ እጅ ነው።