መብላት እምቢ ያለ የድልብ በሬ፤ አመጋገቡና አያያዙ

መግቢያ

በጉንደ ወይንና በአካባቢው፣ እንደ ሌላው የምሥራቅ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፣ ከእርሻ ሥራ የወጣ በሬ ለሦስት ወር ያህል ተቀልቦ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ ይቀርባል። በሬው ብዙ ጊዜ የሚገዛው በብድር ወይም በማኅበር ገንዘብ ስለሆነ መኖ ሳይበላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ለገበሬው ኪሳራ ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ገበሬ ተጨንቆ እህል በላይ በላዩ ይጨምርለታል፤ አንዳንዱ መድኃኒት በጠርሙስ ይግተዋል፤ ሌላው ደግሞ «ሳይሞት እንረደው» ብሎ ለቅርጫ ያቀርበዋል። ሦስቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው። ሦስተኛው የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

መኖ እምቢ ማለት ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የብዙ ነገሮች ምልክት ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ምክንያቱን መለየት ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ምክንያቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚለይና ምን መደረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

1. በሬ ሳይበላ ብዙ መቆየት የማይችልበት ምክንያት

አንዳንድ እንስሳት ሳይበሉ ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላሉ። ለምሳሌ እባብ አንድ ጊዜ ትልቅ ነገር ከዋጠ በኋላ ለሳምንታት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። በሬ ግን እንደዚህ አይደለም። ጭዱንና ድርቆሹን የሚፈጩለት በትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው። መኖ ሲቋረጥ እነዚህ ተሐዋስያን ይመናመናሉ፤ ጨጓራውም መንቀሳቀሱን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በሬው ቢበላም እንደ ቀድሞው ለመፍጨት ቀናት ይወስድበታል። ስለሆነም አንድ ቀን ሙሉ ምንም ያልቀመሰ በሬ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

2. በቅድሚያ የሚደረግ ምርመራ

ሀ) በሬው ያመሰኳል ወይስ አያመሰኳም? ጤነኛ በሬ ተኝቶ ሲያርፍ ያመሰኳል። ፈጽሞ ማመስኳት ያቆመ በሬ ታሟል ተብሎ መወሰድ አለበት።

ለ) የሙቀቱ መጠን ስንት ነው? ቴርሞሜትር በፊንጢጣ አስገብቶ 3 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። የጤነኛ በሬ ሙቀት ከ38 እስከ 39.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚህ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለው።

ሐ) ጨጓራው ይንቀሳቀሳል? ጭብጥን ከግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተ ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አሳርፎ መጠበቅ ነው። በ2 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 2 ጊዜ እጅን የሚገፋ እንቅስቃሴ ሊኖር ይገባል።

መ) አፉ ውስጥ ምን አለ? ምላሱን፣ ድዱንና ጥርሱን ማየት ያስፈልጋል። ሆኖም አፉ የሚያዝረበርብ ከሆነ ወይም የእብድ ውሻ በሽታ የሚያጠራጥር ምልክት ካለ፣ ለምሳሌ ጠባዩ ከተለወጠና መዋጥ ካቃተው፣ እጅን በአፉ ማስገባት ክልክል ነው።

ሠ) እበቱ እንዴት ነው? ደርቋል፣ ቀጥኗል፣ ደም አለበት ወይስ ያልተፈጨ እህል ይታይበታል?

3. ጤነኛ ሆኖ የማይበላ በሬ

ትኩሳት የሌለው፣ የሚያመሰኳና ዓይኑ ንቁ የሆነ በሬ መኖ ሲንቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጉዞ፣ አዲስ ቤት ወይም አዲስ መኖ ነው። ከዓባይ ቆላ ተነድቶ ወደ ደጋ የመጣ በሬ የለመደውን ግጦሽና የለመደውን ጓደኛ በአንድ ጊዜ ያጣል። ሜዳ ሲግጥ የኖረ የእርሻ በሬም ፉርሽካን እንደ ምግብ ላያውቀው ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ በሬ የሚከተለው ይደረግለታል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጥሩ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ብቻ ይሰጠው። በሬ ውኃ ካልጠጣ ደረቅ መኖ አይበላም፤ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ያስፈልገዋል። በ4ኛው ቀን ግማሽ ኪሎ የተደባለቀ መኖ በድርቆሹ ላይ ይነስነስለት። ከዚያም በየ3 ቀኑ ግማሽ ኪሎ እየተጨመረ እስከ 3 ኪሎ ይድረስ። ለድብልቁ 66 ኪሎ ፉርሽካ፣ 33 ኪሎ የኑግ ፋጉሎና 1 ኪሎ ጨው መጠቀም ይቻላል። ክብደቱ 280 ኪሎ የሆነ በሬ በቀን በጠቅላላው 7 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ መብላት ይችላል።

በዩሪያ የታከመ የጤፍ ጭድ የሚሰጥ ከሆነ ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ፣ ጭዱ አየር እንዳይገባው ታፍኖ 21 ቀን ይቆያል። ጭዱ ከጉድጓድ እንደ ወጣ ሽታው ስለሚያፍን በሬው ይሸሸዋል። ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ተበትኖ ማደር አለበት። በመጀመሪያም ሩቡን የታከመ፣ ሦስት እጁን ያልታከመ አድርጎ ቀስ በቀስ ማስለመድ ይገባል። ዩሪያን በሚጠጣው ውኃ በጥብጦ መስጠት በሬውን ይገድላል።

የቤቱ ሁኔታም የምግብ ፍላጎትን ይወስናል። ለአንድ በሬ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ቦታ ይበቃዋል። ወለሉ ድንጋይ ተነጥፎበት ሽንቱ እንዲወርድ ወደ ኋላ ያዘነበለ ይሁን። ሽንት በሚቋጥር ጨለማ ጋጣ ውስጥ የታሰረ በሬ እግሩ ይቆስላል፤ መተኛት ይፈራል፤ ካልተኛም በደንብ አያመሰኳም። ግርግሙ በየጠዋቱ ይጠረግ፤ የሻገተ ትርፍ ላይ አዲስ መኖ ቢጨመር በሬው ሁሉንም ይተወዋል። ብቻውን ሲሆን የሚሸበር በሬ ከሌላ ከብት አጠገብ፣ በዓይን እየተያዩ ግን ሳይነካኩ፣ ቢታሰር ይረጋጋል።

በዚህ አያያዝ አብዛኛው በሬ በ3 ቀን ውስጥ ይለምዳል። ካልለመደ ምርመራው እንደገና ይደረግ።

4. ከአመጋገብ ስሕተት የሚመጣ ችግር

የጨጓራ መኮምጠጥ፦ ቶሎ ይደልብ ተብሎ የበቆሎ ዱቄት ወይም ንፍሮ በብዛት ሲሰጠው ይደርሳል። በሬው በድንገት መብላት ያቆማል፤ እበቱ ቀጥኖ ይኮመጥጣል፤ ሲራመድ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። እህሉ ወዲያውኑ ተቋርጦ ድርቆሽ ብቻ ይቅረብለት፤ የእንስሳት ሐኪምም በፍጥነት ይጠራ። እህል መጨመር ሁኔታውን ያባብሰዋል።

የሆድ መነፋት፦ በክረምት መውጫ ጤዛ የያዘ ማገጥ በባዶ ሆዱ የጋጠ በሬ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ፊቱን ወደ ዳገት አድርጎ ማቆምና ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት በጥንቃቄ ማጠጣት የመጀመሪያ እርዳታ ነው። ትንፋሽ ካጠረው ሰዓት የሚሰጥ አይደለም።

ባዕድ ነገር፦ በከተማ ዳር የሚውል ከብት ፌስታል፣ ሽቦና ምስማር ይውጣል። ሽቦ የወጋው በሬ ጀርባውን ያጎብጣል፤ ቁልቁለት መውረድ ይጠላል፤ ሲተኛና ሲነሣ ያቃስታል።

ጥርስ፦ ያረጀ የእርሻ በሬ ጥርሱ አልቆ ወይም ተነቃንቆ ሊሆን ይችላል። መኖውን አኝኮ ከጣለው ምክንያቱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን በሬ መጀመሪያውኑ ለማድለብ አለመግዛት ይሻላል።

5. ከበሽታ የሚመጣ እምቢታ

ከምላሱ ሥር ወይም ከጉሮሮው የተጣበቀ አልቅት ደም ያስተፋዋል፤ መዋጥም ይከለክለዋል። በበጋ ከኩሬ የሚጠጡ ከብቶች በተለይ ይጠቃሉ። ከመንጋጋው በታች ያበጠና የከሳ በሬ የጉበት ትል ሊኖርበት ይችላል። ረግረግ ላይ የዋለ በሬ ድለባ ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱን መውሰድ አለበት፤ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልቅም አይታረድም። ከቆላ የመጣ በሬ እየገረጣና እየከሳ ከሄደ ገንዲ ሊሆን ስለሚችል ደሙ ይመርመር። በአፉና በሰኮናው መካከል ቁስል ያለበትና የሚያነክስ በሬ የአፍና የእግር በሽታ ስለሚያጠራጥር ከሌሎች ይለይ።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አባ ሰንጋ ነው። በሬው ትናንት ደኅና ውሎ ዛሬ በከፍተኛ ትኩሳት መብላት ያቆማል፤ በሰዓታት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ከሞተ በኋላ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ሊወጣ ይችላል። በሽታው በማረድ፣ ቆዳ በመግፈፍና ሥጋውን በመብላት ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለሆነም በድንገት መኖ እምቢ ያለና ትኩሳት ያለው በሬ አይታረድም፤ የሞተውም አይከፈትም፤ ለውሻም አይሰጥም። ከነቆዳው ይቃጠላል ወይም 2 ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል። ሥጋውን የነካ ሰው በቆዳው ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ቢወጣበት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል።

6. በመጋት የሚደርስ ጉዳት

የማይበላ በሬ ራሱን ወደ ላይ አንጋጥጦ አጥሚት ወይም መድኃኒት በጠርሙስ ሲጋት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባል። ሳልና ትኩሳት ይከተላል፤ ብዙ ጊዜም በሬው ይሞታል። የግድ ማጠጣት ካስፈለገ ራሱ ከጀርባው ከፍታ በላይ ሳይነሣ፣ በጉንጩ በኩል፣ እየዋጠ መሆኑ እየታየ ጥቂት በጥቂት ይሰጠው። መዋጥ ያቃተው በሬ በጭራሽ አይጋትም።

7. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

የበሬ ግዢ ኮሚቴው ከመግዛቱ በፊት በሬው ሲበላ፣ ሲራመድና ሲያመሰኳ ይመልከት፤ ጥርሱንም ይይ። አዲስ የተገዛ በሬ ለ2 ሳምንት ከሌሎች ተለይቶ ይቆይ። ማኅበሩ ቢያንስ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ መዝገብ ይኑረው። በመዝገቡ ላይ በሬው የተገዛበት ቀን፣ የሚበላው መጠን፣ የተከተበውና የወሰደው መድኃኒት ይጻፍ። መኖ የቀነሰበት ቀን ቶሎ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የሌሎችም በሽታዎች ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ማኅበራት ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክፍል ጋር ተነጋግረው ከድለባው ወራት በፊት ማስከተብ አለባቸው። ክትባት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት የደስታ በሽታን ማስታወስ ይበቃል። ይህ በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀውን ረኀብ አስከትሏል። በክትባትና በቁጥጥር ግን በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

ለማጠቃለል፣ መብላት እምቢ ያለ በሬ ሲያጋጥም አስቀድሞ ሙቀቱን መለካት፣ ማመስኳቱን ማየትና አፉን መመርመር ያስፈልጋል። ደኅና ከሆነ ድርቆሽ፣ ውኃ፣ ደረቅ ጋጣና የሦስት ቀን ትዕግሥት ይበቃዋል። ትኩሳት ካለው ሐኪም ይጠራለት፤ ቢላዋ ግን አይቅረበው። በሬው የሚተካ ንብረት ነው፤ በቅርጫው ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው ግን አይተካም።