“አልከፍትም” ማለት “ጠፍቷል” ማለት አይደለም፤ ከአገር ቤት ስለሚላኩልን የሮው ፎቶ ፋይሎች

ዛሬ ከዘወትሩ የፖለቲካ ሐተታ ወጣ ብለን፣ በብዙ ቤት ያለ ነገር ግን ማንም አደባባይ ያላወጣው አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ጉዳዩ ፎቶ ነው። በተለይም ከአገር ቤት በዲስክ ተልኮ መጥቶ፣ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ያለ ፎቶ።

ከዚሁ ከሲያትል ልጀምር። ሬኒየር ጎዳና አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጃችን አለ። በጥር ወር የእህቱ ሠርግ አዲስ አበባ ሲደገስ እሱ የወረቀቱ ጉዳይ ስላላለቀ መሄድ አልቻለም። በመልሱ ዕለት አያቱ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ፎቶ ተነሥተው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አያት ዐረፉ። ልጁ ለቅሶውን እዚሁ ተቀመጠ። ከዚያም ለፎቶ አንሺው ደውሎ “ያነሣኸውን በሙሉ፣ ምንም ሳትነካካ ላክልኝ” አለው። ዲስኩን ሰው ይዞለት መጣ። ከዓመታት በፊት በገዛው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሊከፍተው ሲሞክር፣ ፕሮግራሙ ፋይሉ “የማይታወቅ ወይም የተበላሸ ነው” አለው። ደወለልኝ። “ጋሼ፣ የአያቴ ፎቶ ተበላሽቷል” አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እስቲ መልእክቱን መልሳችሁ አንብቡት። “የማይታወቅ ወይም የተበላሸ” ነው የሚለው። ወዳጃችን ሁለተኛውን ብቻ ነው ያነበበው። ብዙ ሰውም እንደዚያው ያደርጋል፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ፋይሉን ያጠፋል፣ ወይም ዲስኩን ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ብዙውን ጊዜ እውነቱ ያለው ግን በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። ፎቶው ደኅና ነው፤ ፕሮግራሙ ነው ያላወቀው።

ለምን እንደማያውቀው ለመረዳት ሮው የሚባለው ፋይል ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቃሉ ጥሬ ማለት ነው። ቡና በሚጠጣበት ከተማ ስለምኖር በቡና ልመስለው። ስልካችሁ የሚሰጣችሁ ጄፔግ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ በሲኒ የቀረበ ቡና ነው። ማንም ያነሣውና ይጠጣዋል። ሮው ግን ጥሬው ቡና ነው። የካሜራው መዳሰሻ የቆጠረው የብርሃን መጠን ገና ወደ ቀለም ሳይለወጥ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ጨለማ የሆነውን ማብራት፣ ቢጫ የሆነውን ማስተካከል ይቻላል። ግን የሚቆላው ሰው ያስፈልጋል፤ ቆዪው ደግሞ እያንዳንዱን የቡና ዓይነት ማወቅ አለበት። ካኖን፣ ኒኮን፣ ሶኒ፣ ፉጂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓይነት አላቸው። የካኖን ፋይል በሲአር2 ወይም በሲአር3 ያልቃል፣ የኒኮን በኤንኢኤፍ፣ የሶኒ በኤአርደብልዩ፣ የፉጂ በአርኤኤፍ። የፋይሉ ስም አንድ ቢሆን እንኳ አዲስ ካሜራ በወጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ያንን ካሜራ ለይቶ መማር ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የሲያትልን ድርሻ ሳልጠቅስ አላልፍም። የአብዛኞቹ ሮው ፋይሎች አጽም ቲፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። ቲፍ ደግሞ የተወለደው እዚሁ ሲያትል ውስጥ ነው። ፖል ብሬነርድ እ.ኤ.አ. በ1984 አልደስ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ ፔጅሜከርን አወጣ። በጋዜጣ ዝግጅት ላይ የቆየ ሰው ፔጅሜከርን ያስታውሰዋል። ይኸው ኩባንያ በ1986 ቲፍን ይፋ አደረገ፤ አሠራሩንም ማንም እንዲያነበው አሳተመው። በ1994 አልደስ ከአዶቢ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ በፍሪሞንት ሰፈር ከቦዩ ዳር ያለው የአዶቢ ቢሮ የዚያ ታሪክ ቅጥያ ነው። ከመካከላችሁ በዚያ መንገድ በየቀኑ ታክሲ የሚነዳ አይጠፋም። እንግዲህ አጽሙ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ኩባንያዎቹ ሥጋውን በምስጢር ያዙት። ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አንድ የተረጋገጠ ምሳሌ ልስጥ። ላይትሩም 6 አንድ ጊዜ ከፍላችሁ የራሳችሁ የምታደርጉት የመጨረሻው ላይትሩም ነበር። የመጨረሻው ማሻሻያ፣ 6.14፣ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለማይከፍል ሰው አዲስ ካሜራ የሚያስተምረው ማሻሻያ የለም። ካኖን ደግሞ ሲአር3ን ይዞ ብቅ ያለው በየካቲት 2018፣ ኤም50 በተባለችው ካሜራ ነው። ልዩነቱ የሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ላይትሩም 6 ሲአር3ን ዛሬም አያውቀውም፣ ነገም አያውቀውም። ሲአር3 እንደ ሲአር2 በቲፍ አጽም ላይ የቆመ አይደለም፤ ውስጡ ለቪዲዮ ፋይል የቀረበ ነው። ስለዚህ ፋይሉን “ሲአር2” ብሎ እንደገና መሰየም ምንም አይረዳም። “ጄፔግ” ብሎ መሰየምም እንዲሁ። የጤፍ ከረጢት ላይ ስንዴ ብትጽፉበት ጤፉ ስንዴ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ እጃችሁን ሰብስቡ። በማክ የተዘጋጀ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ፣ ኮምፒውተሩ “ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብህ” ብሎ ይጠይቃል። ትሕትና ያለው ጥያቄ ይመስላል፤ “እሺ” ካላችሁት ግን ያጠፋዋል። “አይ” በሉት፣ ዲስኩን አውጡና ማክ ያለው ሰው ፈልጉ። ፎቶ አንሺውም ካርዱን እንዳያጠፋው ወዲያው ንገሩት። በክረምት አዲስ አበባ ከሲያትል 11 ሰዓት፣ በበጋ 10 ሰዓት ትቀድማለች። እናንተ ከሥራ ስትመለሱ እሱ ለሌላ ሠርግ ካርዱን እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የፋይሉን መጠን ተመልከቱ። የዛሬ ካሜራ አንድ ሮው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሜጋባይት በላይ ነው። ሁሉም ፋይሎች በመጠን የሚቀራረቡ ከሆነ ችግሩ የፕሮግራሙ ነው ብላችሁ ጀምሩ። አንዳንዱ ዜሮ ወይም ከሌሎቹ ግማሽ ከሆነ ግን ሲገለበጥ ተቋርጦ ይሆናል፤ መድኃኒቱም ከምንጩ እንደገና መገልበጥ ነው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ማክ በካርድ ወይም በዲስክ ላይ ሲጽፍ በነጥብና በሰረዝ የሚጀምሩ፣ 4 ኪሎባይት ያህል የሆኑ ጥቃቅን ፋይሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዊንዶውስ ላይ ሲታዩ ስማቸው የፎቶውን ይመስላል፤ ግን ፎቶ አይደሉም። እነሱ አልከፈት ስላሉ “ሁሉም ተበላሽቷል” ያለ ሰው አውቃለሁ።

ፋይሉ ሙሉ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። የካሜራው ኩባንያ የራሱን ፎቶ የሚከፍት ነጻ ፕሮግራም አለው፤ ካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል፣ ኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮ፣ ሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅ። ፎቶውን ለማየት ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ከማይክሮሶፍት መደብር ሮው ኢሜጅ ኤክስቴንሽን የሚባለውን በነጻ ማውረድ ነው። ማክ ላይ የሮው ዕውቀት የሚመጣው ከራሱ ከማክ ማሻሻያ ጋር ስለሆነ፣ መሻሻል ያቆመ አሮጌ ማክ አዲሱን ካሜራ አያውቅም። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒም የሚባሉ ነጻ ማስተካከያዎችም አሉ።

አሮጌውን ፕሮግራም መተው ካልፈለጋችሁ ደግሞ ዲኤንጂ አለ። አዶቢ በመስከረም 2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክፍት የሮው ዓይነት ነው፤ አሠራሩ ታትሟል፣ አጽሙም ያው የሲያትሉ ቲፍ ነው። ዲኤንጂ ኮንቨርተር የተባለው መለወጫ ነጻ ነው፤ ወርኃዊ ክፍያም አይጠይቅም። የካኖኑን ወይም የኒኮኑን ፋይል ተቀብሎ አሮጌው ላይትሩም የሚያውቀው ዲኤንጂ አድርጎ ይሰጣችኋል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ሰው ይሰናከላል። አንደኛ፣ መለወጫው የሚጠይቃችሁ ፋይል ሳይሆን ፎልደር ነው። በመምረጫው መስኮት ውስጥ ፎቶዎቹ ስለማይታዩ ባዶ ይመስላል። አትደንግጡ፤ ፎልደሩን መርጣችሁ እለፉ። ሁለተኛ፣ በምርጫዎቹ ውስጥ ኮምፓቲቢሊቲ የሚል አለ። እሱን እንዳለ ከተዋችሁት አሮጌ ፕሮግራም የማያነበው አዲስ ዲኤንጂ ሊወጣ ይችላል። “ካሜራ ሮው 7.1 እና ከዚያ በኋላ” የሚለውን ብትመርጡ ለላይትሩም 5 እና 6 ይበቃል።

ከለወጣችሁ በኋላ ዋናውን እንዳታጠፉ አደራ! የካኖን ፕሮግራም ዲኤንጂን አይከፍትም። ኩባንያው በምስጢር የጻፋቸው አንዳንድ መረጃዎችም በለውጡ ሊቀሩ ይችላሉ። ሁለቱንም አስቀምጡ፤ የዲስክ ዋጋ ዛሬ ከአንድ ሠርግ ድንኳን ኪራይ ያነሰ ነው።

ኩባንያዎቹ የሚደብቁት ለምንድነው? እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። በ2005 እ.ኤ.አ. ኒኮን ዲ2ኤክስ በተባለው ካሜራ ፋይል ውስጥ የነጭ ቀለም ሚዛን መረጃውን በምስጢር ቁልፍ ዘጋው። ከፎቶሾፕ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ቶማስ ኖል በይፋ ተቃወመ። ዴቭ ኮፊን የተባለ ፕሮግራመር ደግሞ ቁልፉን ፈትቶ ዲሲሮው በተባለ ነጻ ፕሮግራሙ ውስጥ ለሁሉ አቀረበው። ኩባንያዎቹ የጥራት ጉዳይ ነው ይላሉ። እኔ ግን ፎቶውን ያነሣው ሰው የራሱን ሥራ ለመክፈት ፈቃድ መጠየቁ አይዋጥልኝም። ነገሩም ያለፈ ታሪክ አይደለም። በቅርብ ዓመታት የወጡት ኒኮኖች “ሃይ ኤፊሸንሲ” የሚል ፋይል የሚያሳንስ ምርጫ አላቸው፤ ነጻ ማስተካከያዎቹ ለረጅም ጊዜ ሊያነቡት አልቻሉም። ሠርግ የሚያነሣ ዘመድ ካላችሁ ከዚያ ይልቅ “ሎስለስ” የሚለውን እንዲመርጥ ንገሩት።

ሰልፍና ስብሰባ የምታነሡትም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። እኛ ጋ አንድ ፎቶ ሲወጣ “ፎቶሾፕ ነው” የሚል ወዲያው ይነሣል። አብዛኞቹ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የኩባንያውን ሮው ፋይል ራሱን አይለውጡትም፤ ለውጡን በጎን ይጽፉታል። ዋናው ፋይል በእጃችሁ ካለ መልስ አላችሁ። ወርልድ ፕሬስ ፎቶም ተወዳዳሪዎቹን ከካሜራ የወጣውን ዋና ፋይል የሚጠይቃቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዜና ለመላክ ግን ጄፔግም አብራችሁ አንሡ። ሮይተርስ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሮው የተሠራ ፎቶ እንዳይላክለት፣ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ ብቻ እንደሚቀበል ለፎቶ አንሺዎቹ አስታውቋል።

ወደ ወዳጃችን ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ማታ እቤቱ ሄድኩ፤ ቡና እየተፈላ ዲስኩን ሰካነው። ፋይሎቹ ሲአር3 ነበሩ። ዲኤንጂ ሲሆኑ አሮጌው ፕሮግራሙ አንድ በአንድ ከፈታቸው፤ ሙሽሪት፣ ሚዜዎች፣ የዳቦው ቆረሳ። አራቱ ብቻ እምቢ አሉ። መጠናቸውን ስናይ ከሌሎቹ በጣም ያነሱ ናቸው። እነዚህ በእርግጥ ተበላሽተዋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ጠዋት ነበርና ደወልን። ፎቶ አንሺው ካርዱን አጥፍቶት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሦስቱ በደኅና ተገኙና ላከልን። በቴሌግራም ሲልክ “እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል” ብለን አሳስበነው ነበር፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ያሳንሰዋል፣ ይለውጠዋልም።

አራተኛው እሱም ጋ ጎዶሎ ነበር። አያት እጃቸውን በሙሽራው ራስ ላይ የጫኑበት ነው። ሆኖም ሮው ፋይል ውስጥ ካሜራው በስክሪኑ የሚያሳየው ጄፔግ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ፋይሉ ከመጨረሻው ቢቆረጥም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ኤግዚፍቱል በሚባል ነጻ መሣሪያ አወጣነው። ጥሬው የለም፤ ማብራትም ማስተካከልም እንደ ልብ አይቻልም። ትንሽ ጨለም ያለ ነው። ወዳጃችን እንዳለ አሳትሞ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል።